ለልጄ የገዛሁት ፒክአፕ

ይህን ታሪክ በአፌ ስናገር መሃል ላይ ድምፄ ይዘጋብኛል፤ እስካሁን ለሰው ጨርሼ የነገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ልጅ ያለው ሰው ካነበበው ይበቃኛል።

ስሜ ከድር ይባላል። የስልጤ ልጅ ነኝ። ወደ ምዕራብ ሐረርጌ የመጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አጎቴ ሱቅ ልቀመጥ ነው። ያኔ ከተማዋን አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት፤ ዛሬ ጭሮ ነው ስሟ። አጎቴ ሲሞት ሱቁ ለእኔ ቀረ። ጀሪካን፣ ሚስማር፣ ገመድና የላስቲክ ሸራ እሸጣለሁ። በገበያ ቀን ደግሞ ለቦኬ፣ ለሚኤሶና ለቦርደዴ ባለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሚስቴ ዘይነባ ትባላለች። ሦስት ሴቶች ልጆች አሳድገን ድረናል። የመጨረሻው ወንድ ነው፤ ነጂብ።

ነጂብ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ነጥብ አልመጣለትም። በዚያው ዓመት ከሰፈራችን አራት ልጆች ታህሪብ ሄዱ። ታህሪብ የምንለው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት የሚደረገውን ጉዞ ነው። የደረሰ ይደውላል። ከአራቱ የሁለቱን ድምፅ ሰማን፤ የሁለቱን ግን እናቶቻቸው እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ነጂብ ዝምተኛ ሆነ። ሱቅ ይውላል፤ ግን ደንበኛ ሲያናግረው ሁለቴ ካልተጠራ አይሰማም። ዘይነባ "ልጁ ልቡ እየሸፈተ ነው፤ ቁጭ ብለህ አናግረው" አለችኝ። ላናግረው ሲገባኝ መኪና ገዛሁለት።

ፒክአፑ ገለምሶ ያለ አንድ ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ሲገለገልበት የኖረ ነው። ባለ ነጠላ ጋቢና፤ ጭነት ቦታውን ዝገት በልቶታል፤ የግራ በሩ በገመድ ታስሯል። ሽማግሌው "ሞተሩ ይነሳል፤ ከዚያ በላይ አልዋሽህም" ብሎኝ ነው የሸጠልኝ። አገር ቤት የነበረኝን የእንሰት መሬት ድርሻ ለወንድሜ በገንዘብ ለቅቄ ገዛሁት። ሹፌር ለምኜ ጭሮ አስመጣሁና ቁልፉን ነጂብ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። ልጁ መኪናውን ዞሮ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። እኔ የደስታ መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ሽማግሌ አባቱ እንዳይከፋበት ብሎ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሞተሩን አስወርደን ሙሉ በሙሉ አሳደስነው። መካኒኩ ሲያስነሳው ያ ሁሉ ጭስ ጠፍቶ፣ ድምፁ ገር ሆኖ ስንሰማ እኔና ነጂብ ተያየን። ያን ቀን እውነት ደስ ብሎታል። ቀጥሎ አራቱንም ጎማ ለወጥን። በሁለተኛው ዓመት ጭነት የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ አስቀየርን፤ ጎንና ጎኑ ላይ የብረት ስፖንዳ አስበየድን። በሦስተኛው ዓመት ወንበሩን በቆዳ አስለበስን፤ ሰማያዊ ቀለም አስቀባን። ቴፕም አስገባሁለት። የጭሮ ሹፌሮች "ይሄ የገለምሶው ቆርቆሮ ነው እንዴ?" ይሉን ነበር።

ነገሩ ልማድ ሆነብኝ። ልጁ የከፋው በመሰለኝ ቁጥር ከመኪናው አንድ ነገር አሳድሳለሁ። መኪናው ባማረ ቁጥር ልጁ የረጋ ይመስለኝ ነበር። ሰው ስለ ነጂብ ሲጠይቀኝ ስለ ፒክአፑ ነበር የምመልሰው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሚኤሶ ላለ ደንበኛችን ጀሪካንና ሸራ ጭኖ ወረደ። እንደወትሮው ቢሆን አሥር ሰዓት ላይ ጭሮ ይገባል። አሥር ሰዓት አለፈ። መግሪብ ሆነ። ስልኩ ተዘግቷል። ደንበኛችን ጋ ደወልኩ። "ዕቃዬን አራግፎ ከሄደ ቆየ" አለኝ። ዘይነባም እኔም ዓይናችንን ሳንከድን ነጋ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"አባ ነጂብ ነህ?" አለች አንዲት ሴት።

"ነኝ። ማን ልበል?"

"ሃሊማ ነኝ። ሚኤሶ፣ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አለኝ። መኪናህ እኔ ደጅ ቆሟል። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።"

"ልጄስ?"

"ና በቶሎ" አለችና ዘጋችው።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁልቁለቱን ስወርድ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ታሞ ይሆን? ከሰው ተጣልቶ ይሆን? አደጋ ደርሶ እንዳልል መኪናው ቆሟል ብላኛለች። አጠገቤ የተቀመጠ አስተማሪ መሳይ ሰው "አባባ፣ አሞዎታል?" አለኝ። አላመመኝም አልኩት።

ፒክአፑን ከሩቅ አየሁት። ታጥቧል። ሚኤሶ አቧራ ላይ ሰማያዊው ቀለም ያበራል። ሮጬ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። ማንም የለም። ሃሊማ ወጥታ ቁልፉን ሰጠችኝና ከፈትኩት። ከደንበኛው የተቀበለው ክፍያ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከሊብሬው ጋር መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። አንዲት ሳንቲም አልነካም።

ሃሊማ በእኔ ዕድሜ ያለች የአገሩ ሴት ናት።

"ማታ እዚህ ከጓደኞቹ ጋር አደረ" አለችኝ። "ዛሬ ሱብሒ እንደሰገዱ በአይሱዙ ሄዱ። ሦስት ናቸው። በድሬዳዋው መንገድ ነው የሄዱት።"

ገባኝ። ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም።

"ለምን አልከለከልሽውም?"

"አባ ነጂብ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ስንቱ ልጅ ሲያልፍ አየሁ። መከልከል ብችል የራሴን ልጅ እከለክል ነበር።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ከዙህር በኋላ ደውዪለት ብሎኝ ነበር። አላስቻለኝም፤ አሁን ደወልኩ። መኪና ይዘሃል፤ ብትደርስ ትደርስበታለህ።"

የቀኝ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል። ከአምስት ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያሳደስኩትን መኪና አንድ ቀን እንኳ ነድቼው አላውቅም ነበር። ቢስሚላህ ብዬ አስነሳሁት።

መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፤ አልፎ አልፎ ግመል የሚነዱ ሰዎች። ዓይኔን አጥብቤ ነጩን መስመር እየተከተልኩ ነዳሁ። ሻይ ቤት ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ "ሦስት ልጆች የጫነ አይሱዙ አልፏል?" እላለሁ። አንዳንዱ አላየሁም ይላል፤ አንዳንዱ በእጁ ወደፊት ያሳየኛል። ልጄን እየፈለግኩ እንኳ መኪናው እንዴት እንደሚሄድ ታወቀኝ። አንድም ነገር አይንጫጫም፤ መሪው በሁለት ጣት ይዞራል። ደግሜ ደግሜ "ይሄን ትቶ፣ ይሄን ትቶ" እያልኩ ብቻዬን አወራ ነበር።

ከአፍደም አለፍ ብሎ ስሟን ዛሬም የማላውቃት የጥቂት ቤቶች መንደር አለች። አይሱዙው እዚያ ቆሞ ስሚንቶ ያራግፋል። ሹፌሩን ያዝኩት።

"ልጄ የታለ?"

ሰውየው ፊቴን አይቶ ምንም አልተከራከረኝም። አንድ የግራር ጥላ በአገጩ አሳየኝ።

ነጂብ ከሁለት ልጆች ጋር መሬት ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ቦርሳ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሲያየኝ አልሮጠም። ተነሳ፤ ልብሱን አራገፈ፤ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

"በዚያ ዓይንህ ነድተህ መጣህ?" አለኝ።

እጁን ይዤ ጋቢና አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ።

"ምን ጎደለብህ?" አልኩት። "ሞተሩን አሳደስን፤ ጎማውን ለወጥን። ወንበሩን ሳይቀር ቆዳ አለበስንልህ። ምን ቀረ? ንገረኝና እሱንም እናሟላው።"

"አባ" አለኝ በቀስታ፤ "መኪናው ምንም አልጎደለውም።"

"ታዲያ?"

"ስለ መኪናው እኮ አይደለም የማወራህ። ሱቁን ዘግተን ስንገባ አንድ ቀን፣ 'አባ፣ እዚህ መኖር አቃተኝ' አልኩህ። ትዝ ይልሃል?"

ትዝ አለኝ።

"በሳምንቱ ባሌስትራውን አስቀየርክ። ሌላ ቀን ጓደኛዬ ከሪያድ እንደደወለልኝ ነገርኩህ። ዝም አልከኝ። ከዚያ ቴፕ ገዝተህ መጣህ። አንተ አንድ ነገር በጨመርክበት ቁጥር እኔ መሄዴን መናገር አፈርኩ።"

"ምንድን ነው የምትፈልገው?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "አላውቅም። ከጭሮ ሚኤሶ መውረድ፣ ከሚኤሶ ጭሮ መውጣት... ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አባ። በዚህ መንገድ ስመላለስ የማረጅ እየመሰለኝ ሌት ተቀን ያስፈራኛል። ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። መሄድ ብቻ ነው የታየኝ።"

ያን ጊዜ የምመልሰው ነገር ነበረኝ። እሺ፣ መኪናውን እንሽጠው፤ የምትሄድበት ቦታ በሰላም የሚኬድበት ይሁንና እኔው ልሸኝህ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ያልኩት "እናትህ ትሞትብሃለች" ነው።

ነጂብ አለቀሰ። ከሕፃንነቱ ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ "እሺ፤ እመለሳለሁ" አለኝ።

የጁምዓ ሰላት ደርሶ ነበርና በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት መስጊድ ገብተን ሰገድን። ከጎኔ ቆሞ ትከሻው ትከሻዬን ሲነካኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ልጄን አስመለስኩ አልኩ። ሻይ በዳቦ በላን።

"ፀሐዩ በርትቷል፤ ዓይንህ ደም መስሏል" አለኝ። "እኔ እነዳለሁ። ጀንበር እስክትበርድ ጋቢና ውስጥ ጋደም በል።"

ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ሰውነቴ ዛለ። በቆዳው ወንበር ላይ ጋደም አልኩ። ቁልፉን ግን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የሚሄደው መኪናው ይመስል፣ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ቁልፉን ጨብጬ ተኛሁ።

ስነቃ ጥላው ዞሯል። ፀሐይ ፊቴን እንዳትመታኝ መስኮቱ ላይ ጃኬት ተሰቅሏል፤ የነጂብ ጃኬት ነው። እግሬ ሥር በውኃ የተሞላ ጀሪካን አለ። ወርጄ ኮፈኑ ተከፍቶ በደንብ ሳይገጠም እንደተዘጋ አየሁ። ራዲያተሩን አይቶልኝ፣ ውኃ ሞልቶልኝ ነው የሄደው።

ግራሩ ሥር ማንም የለም።

ሻይ የሸጠልንን ሰው "ልጆቹስ?" አልኩት።

"አንድ ላንድክሩዘር መጥቶ ወሰዳቸው። በአስፋልቱ አይደለም፤ በዚህ ነው" ብሎ ወደ ቁጥቋጦው የሚገባ የአሸዋ መንገድ አሳየኝ። "ያንተ ልጅ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሁለቴ ተጠራ። መኪናው ጋ ሄዶ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሮጦ ደረሰባቸው።"

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"አባቴን አትቀስቅስብኝ ብሎ ለመነኝ" አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም።

በአሸዋው ገባሁ። ያ ባሌስትራ፣ ያ ጎማ፣ ያ ሁሉ ያሳደስኩት ነገር የዚያን ቀን ሠራ፤ መኪናው አንዴም አሸዋ ውስጥ አልተቀረቀረብኝም። ይህ ግን ምን ያደርግልኛል? መንገዱ አንድ ደረቅ ወንዝ ጋ ሲደርስ ሦስት ቦታ ተከፈለ። በሦስቱም ላይ የጎማ ምልክት አለ። የትኛው አዲስ፣ የትኛው የቆየ እንደሆነ ዓይኔ አልለይ አለኝ። ወርጄ በእጄ ዳሰስኩት። አሸዋው ሁሉ አንድ ነው። ሞተሩን አጥፍቼ የሌላ መኪና ድምፅ እሰማ እንደሆነ አዳመጥኩ። ነፋስ ብቻ ነው። "ነጂብ" ብዬ ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጣራሁ አላውቅም።

ሚኤሶ እንዴት እንደተመለስኩ በደንብ አላስታውስም። ሃሊማ ብቻዬን ስወርድ አይታኝ የማድርበትን ምንጣፍ ዘረጋችልኝ። በማግስቱ ጭሮ ገባሁ። ዘይነባ የሞተሩን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከቤት ወጥታ ወደ መኪናው ሮጠች። መሪው ላይ እኔን ስታይ በወዲያኛው በር ዞረች። በሩን ከፍታ ባዶውን ወንበር አየች። ወንበሩ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችውና ወደ ቤት ገባች።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ደወለ።

"አባ፣ ባሕሩ ዳር ነኝ። ነገ እንሻገራለን እያሉን ነው።"

ያን ሁሉ ቀን ልነግረው ያጠራቀምኩት ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "በልተሃል?" የሚል ብቻ ነው።

"በልቻለሁ። ዓይንህስ?"

"ደህና ነኝ።"

"ሁለተኛ በዚያ ዓይንህ እንዳትነዳ።"

ዘይነባ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "ነጂብ፣ ልጄ" ስትል መስመሩ ተቋርጦ ነበር።

ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው። በዚያ ሰሞን ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ መጣ። የትኛው ጀልባ እንደሆነ፣ ማን እንደነበረበት የሚያውቅ የለም። ያልጠየቅነው ሰው፣ ያልደወልንበት ቁጥር የለም። አብረውት የነበሩት የሁለቱም ልጆች ድምፅ ጠፍቷል። ሽማግሌዎች እንደ ሞተ ሰው ሰደቃ እናውጣለት ብለው ነበር። ዘይነባ "ሞተ ያለኝ ሰው ካለ ይምጣና ያውጣ" አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም። የማይታወቅ ቁጥር ሲደወል እሷ አታነሳም፤ የምትሰማውን ትፈራለች። የማነሳው እኔ ነኝ። ሁልጊዜም ስለ ጀሪካን ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጆቹን የወሰደውን ደላላ ለምን አትረግምም ትሉኝ ይሆናል። እረግመዋለሁ። ግን ደላላው ልጄን ያገኘው በአንድ ማታ አይደለም። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አንዴ በቃል፣ አንዴ በዝምታ ሲነግረኝ እኔ ጋራዥ ጋራዥ እል ነበር። የምወደው መስሎኝ ነው፤ እወደውም ነበር። ግን ያሳደስኩት መኪናውን ነው። የልጅን ዓይን አይቶ "ምን ሆነሃል?" ማለት ያስፈራል፤ የሚመጣውን መልስ ታውቃላችሁና። ብረት ማስበየድ ይቀላል። ከዚህ ውስጥ ለራሴ ያገኘሁት መጽናኛ የለም። ጊዜ ይፈውሳል የሚሉኝም አሉ፤ እስካሁን አላየሁትም።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ፒክአፑ እንደሚሸጥ ሰምቶ ሊገዛው ከቦኬ መጣ። ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁን ይዞ ነው የመጣው። አባትየው ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሩን አየ፤ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ልጁ ራቅ ብሎ ቆሟል።

"አንተስ ወደድከው?" አልኩት ልጁን።

"በጣም ወዶታል" አለ አባትየው። "ለእሱው ነው የምገዛው። ሥራ ከያዘ ልቡ ይረጋል ብዬ ነው።"

ሰውየውን ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ አሁን የጻፍኩላችሁን ሁሉ ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠኝ። ስጨርስ ለነጂብ ዱዓ አደረገለት፤ እኔንም አጽናናኝ።

"የእኔ ልጅ ግን እንደዚያ አይደለም፣ ኦቦ ከድር" አለኝ ከዚያ። "ሳይነግረኝ የትም አይሄድም።"

"እኔም እንደዚያ እል ነበር" አልኩት።

በበሩ በኩል ልጁን አየሁት። መኪናውን ሳይሆን ቁልቁል ወደ ሚኤሶ የሚወርደውን መንገድ እያየ ነበር። ለአባቱ ላሳየው ፈለግኩ። ሰውየው ግን ተነስቶ ልብሱን አስተካከለና የመጨረሻ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።